የእርሻ መሐንዲስ ማነው? ሙያውስ ወደፊት ምን ተስፋ አለው?

መሐንዲስ ሲባል ቶሎ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ማነው? ከፎቅ ሥራ ላይ የራስ ቁር ደፍቶ የቆመ፣ ወይም መንገድ ዳር ባለሦስት እግር መሣሪያ ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚመለከት ሰው ነው። እርሻ ሲባልስ? በሬ ጠምዶ ጅራፍ ይዞ ከማሳ የሚውል ገበሬ። ሁለቱን አጋጥመን «የእርሻ መሐንዲስ» ስንል ግን ብዙዎቻችን ግራ እንጋባለን። «ምንድን ነው ሥራው? ትራክተር ነጂ ነው እንዴ?» የሚሉም አልጠፉም። ለማስተማር ልምምድ በወጣንባቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብለን ጠይቀን ነበር። ሐኪም፣ ፓይለት፣ ሾፌር፣ መሐንዲስ፣ አልፎ አልፎም መምህር ሲሉ ሰማን እንጂ የእርሻ መሐንዲስ እሆናለሁ ያለ አልነበረም። አይፈረድባቸውም። ሰው የማያውቀውን አይመኝም። እኛ መምህራኑ ካላወቅነው ደግሞ ማን ይነግራቸዋል?

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ቤተሰቦቻችን ደብተር የገዙልን «ተማርና ከሞፈርና ከቀንበር ውጣ» ብለው ነው። ምክራቸው ከልብ የመነጨ ነው፤ ድካሙን ያውቁታልና። ይሁን እንጂ ከሞፈር መውጫው መንገድ ሁለት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው ሞፈሩን ለአባትና ለታናሽ ወንድም ትቶ መሄድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተምሮ መመለስና ሞፈሩን ራሱን ማሻሻል ነው። የእርሻ መሐንዲስ የምንለው ይህን ሁለተኛውን መንገድ የያዘውን ሰው ነው።

ሙያው ምን ምን ይይዛል?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የሰብል ባለሙያው የሚያጠናው ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና የሰብሉን በሽታ ነው። የእርሻ መሐንዲሱ ግን የሚመረምረው ኃይሉን፣ መሣሪያውን፣ ውሃውንና ማከማቻውን ነው። «ምን እንዝራ?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ነው፤ «በምን እንረስ? ውሃውን በየት እናምጣው? ምርቱን የት እናስቀምጠው?» የሚለው ደግሞ የመሐንዲሱ ነው። በዚህ መሠረት ሙያው በአምስት ይከፈላል፤ ይኸውም፦

1ኛ/ የእርሻ ኃይልና መሣሪያ። ከበሬ ማረሻ አንሥቶ እስከ ትራክተር፣ መዝሪያና ኮምባይነር ድረስ ያለውን መምረጥ፣ መሥራት፣ ማሻሻልና መጠገን።

2ኛ/ መስኖና ማጠንፈፍ። ውሃ ለጎደለበት ማምጣት፣ ለበዛበት ማስወጣት።

3ኛ/ የአፈርና የውሃ ጥበቃ። እርከን፣ ክትር፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይና የመሳሰሉትን በልክ መሥራት።

4ኛ/ ከመከር በኋላ ያለው ሥራ። መውቃት፣ ማበጠር፣ ማድረቅ፣ ማከማቸት፣ መፈልፈልና መፍጨት።

5ኛ/ የእርሻ ሕንጻዎች። በረት፣ የዶሮ ቤት፣ ጎተራ፣ እንዲሁም አበባና አትክልት የሚለማባቸው የላስቲክ ቤቶች።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ይችለዋል ማለት አይደለም። መሠረቱን ሁሉም ይማራል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ዝንባሌው በአንዱ ይሰለጥናል።

እስቲ ማረሻውን በሒሳብ እንየው

ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገልና ማረሻ፦ እነዚህን በስም የማያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ግን እንደ መሣሪያ መርምረናቸው እናውቃለን? እንጨቱን ገበሬው ራሱ ከአካባቢው ዛፍ ጠርቦ ያዘጋጀዋል። ብረቱን የመንደሩ ባለእጅ ይቀጠቅጠዋል። ሲሰበር ለመጠገን ከተማ መሄድ አያስፈልግም። ክብደቱም አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ከቤት ማሳ የሚያደርሰው ነው። ስለዚህ ማረሻ ኋላ ቀር ነው ብሎ ከመሳቅ በፊት ለሺህ ዓመታት የኖረው በምክንያት መሆኑን መገንዘብ ይገባል።

ድክመቱስ ምንድን ነው? ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። በአንዱ ትልምና በሌላው ትልም መካከል ያልታረሰ መሬት ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ገበሬው አግድም መልሶ ማረስ አለበት። ጤፍ ደግሞ ደቃቅ ዘር ስለሆነ የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል፤ በብዙ ቦታ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይታረስለታል።

አሁን እርሳስ እናንሣ። አንድ ሄክታር ማለት ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ስፋቱም 100 ሜትር የሆነ መሬት ነው። ከትልም እስከ ትልም 25 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። እንግዲያው በ100 ሜትሩ ስፋት ላይ 400 ትልም ይኖራል። እያንዳንዱ ትልም 100 ሜትር ነው። 400 ሲባዛ በ100 ስንት ነው? 40,000 ሜትር፣ ማለትም 40 ኪሎ ሜትር! ይህ እንግዲህ መዞሪያው ሳይቆጠር ለአንድ ጊዜ እርሻ ብቻ ነው። አራት ጊዜ ከታረሰ 160 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገበሬው ለአንድ ሄክታር ጤፍ ከዚያ የበለጠ መንገድ እርፍ ተጭኖ፣ በሬ እየነዳ፣ በጓል ላይ ይጓዛል ማለት ነው። አባቶቻችን ማታ ማታ ወገባችንን ሲሉ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

«ታዲያ ማረሻውን ሰፋ ማድረግ ነዋ!» የሚል ይኖራል። መልካም፤ ስፋቱን እጥፍ ብናደርገው መንገዱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ነገር ግን በሬዎቹ የሚጎትቱት ጭነት ይጨምራል። እርሻ የሚጀመረው መቼ ነው? ድርቆሽ ባለቀበት፣ ሣር ባልበቀለበት፣ በሬ በከሳበት ወቅት ነው። መንገዱን ብናሳጥር ጭነቱ ይከብዳል፤ ጭነቱን ብናቀል መንገዱ ይረዝማል። የምህንድስና ጥያቄ ማለት እንግዲህ እንዲህ ያለው ነው። መልሱ በምኞት አይገኝም፤ በመለካትና በመሞከር ነው እንጂ።

ባለእጁን ረስተን መሐንዲስ አይገኝም

የማረሻውን ብረት የሚሠራው ባለእጅ ነው ብለናል። ይህ ሰው በአገራችን ለረጅም ዘመን እንዴት ይታይ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ገበሬው ያለ እሱ ማረስ አይችልም፤ ሆኖም «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን በየቦታው ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አያስደፍርም።

ይህን ያነሣነው ከርእሳችን ለመውጣት አይደለም። የእርሻ መሐንዲስነት የገበሬውና የባለእጁ ሙያ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኝ ማለት ነው። አንዱን አክብሮ ሌላውን የሚንቅ ኅብረተሰብ መሣሪያ ከውጭ ከመግዛት አይወጣም። በክፍላችን ውስጥ የባለእጅ ልጅ በስድብ አንገቱን ደፍቶ ከተቀመጠ አንድ መሐንዲስ ከጅምሩ አጣን ማለት ነው።

ከእነዋሪ የተገኘ ትምህርት

ጥቁር አፈር ወይም ዋልካ በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። አብዛኛው በደጋውና በወይና ደጋው ይገኛል። ለም አፈር ነው፤ ግን ክፉ ጠባይ አለው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ይቋጥርና ጭቃ ይሆናል። ዝናቡ እያለ ስንዴ ቢዘራበት ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬው ክረምቱ እስኪያልፍ ይጠብቅና በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል። ያ ሁሉ ዝናብ በከንቱ ያልፋል ማለት ነው።

በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ በእነዋሪ አካባቢ ግን ገበሬዎች ዘዴ ነበራቸው። መሬቱ ከታረሰና ከተዘራ በኋላ ሴቱም ሕፃኑም ወጥቶ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፊ መደብና በመካከሉ ቦይ ያወጣ ነበር። ትርፉ ውሃ በቦዩ ይወርዳል፤ ስንዴው በመደቡ ላይ ይበቅላል። ዘዴው ድንቅ ነው፤ ጉልበቱ ግን አያድርስ!

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ሆኖ በዚህ ላይ ሠራ። መሐንዲሶቹ ያደረጉት ምንድን ነው? ሁለት የተለመዱ ማረሻዎችን አጣምረው፣ አፈር የሚሰበስብ ክንፍ ጨምረው፣ በጥንድ በሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቢ.ቢ.ኤም. ይባላል፤ ብዙ ገበሬም የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው። ገበሬዎቹ «ከብዷል» ሲሉም ቀለል እንዲል ተሻሻለ። በዚህ ዘዴ ስንዴን በክረምቱ መግቢያ ዘርቶ ሙሉውን ዝናብ መጠቀም ተቻለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አሳቡ የመጣው ከማን ነው? ከእነዋሪ ገበሬ። ጉልበቱ ከማን? ከለመደው በሬ። ብረቱንስ ማን ይሠራዋል? የአገር ውስጥ ወርክሾፕ። መሐንዲሱ የጨመረው ልኩንና ቅርጹን ነው። ትልቅ ሥራ ሁልጊዜ ትልቅ ሞተር አይፈልግም ማለት ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የተሻሻሉ የበሬ መሣሪያዎችን ያጠና ክፍል ነበረው። አፈር የሚገለብጥ የብረት ማረሻ በአገራችን በተለያየ ጊዜ ተሞክሯል። በሰፊው ግን አልተስፋፋም። ለበሬው ከበደ፣ ለገበሬው ኪስ ተወደደ፣ ሲሰበርም በመንደሩ የሚጠግነው አልነበረም። መሣሪያው በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ ከቦታው ጋር አልተስማማም እንጂ።

ውሃ፦ ማምጣት ብቻ አይበቃም

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲያርፍ ስንት ሊትር ነው? 10,000 ሊትር። አንድ ሰብል በሞቃት ቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል ብንል ለአንድ ሄክታር በቀን 50,000 ሊትር ሊደርሰው ይገባል። ይህ ባለ200 ሊትር በርሜል ቢሆን 250 በርሜል ነው። በባልዲ ተቀድቶ አይዘለቅም። ስለዚህ ቦይ፣ ፓምፕ ወይም ግድብ ያስፈልጋል። በጎጃም በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል ለማጠጣት የታቀደ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የግድቡን ከፍታ፣ የቦዩን ተዳፋት፣ የእያንዳንዱን ገበሬ ተራ ጭምር ማስላት ይጠይቃል። ቦዩ በጣም ከቆለቆለ ውሃው አፈሩን ይቦረቡራል፤ ከተኛ ደግሞ ደለል ይሞላዋል።

ብዙ ሰው የማያስበው ግን ሌላ ነገር አለ። ውሃ ማምጣት ግማሹ ሥራ ብቻ ነው፤ ትርፉን ማስወጣት ሌላው ግማሽ ነው። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ አካባቢ የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ ውሃ ሲጠጣ፣ ማጠንፈፊያው ግን በቂ ስላልነበረ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ወጣ። ፀሐይ ውሃውን ስታተን ጨው ከላይ ቀረ። ጥጥና ሙዝ ያበቅል ከነበረው መሬት ብዙው ነጭ ቅርፊት ለብሶ ከእርሻ ውጭ ሆነ። መሬት በድርቅ ብቻ አይሞትም፤ ባልታሰበበት መስኖም ይሞታል። ይህን አስቀድሞ አስልቶ «ማጠንፈፊያ ሳይሠራ አይጀመር» ብሎ የሚከራከር ሰው ያስፈልጋል። እሱም የእርሻ መሐንዲሱ ነው።

ከማሳ እስከ ጎተራ

ገበሬ ስድስት ወር የደከመበትን እህል ነቀዝ በሦስት ወር ሲበላው ከማየት የበለጠ ምን የሚያንገበግብ ነገር አለ? ብዙ ጊዜ ገበሬው ነቀዝ ሳይቀድመው ብሎ በመከር ወራት ዋጋው ሲረክስ ይሸጣል። በክረምት ደግሞ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ችግሩ የማምረት አይደለም፤ የማስቀመጥ ነው።

እዚህም መፍትሔው ረቂቅ አይደለም። አንደኛ፣ በቆሎም ሆነ ስንዴ ከመከማቸቱ በፊት እርጥበቱ ወደ 13 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች እስኪወርድ መድረቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ነቀዝ ሕይወት ያለው ፍጡር ስለሆነ አየር ይፈልጋል። አየር ካጣ ይሞታል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከካሜሩን ገበሬዎች ጋር በተደረገ ጥናት ተጀምሮ ወደ ብዙ አገር የተስፋፋው ከረጢት የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት በውስጥ፣ አንድ ተራ ጆንያ በውጭ ሆኖ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ይጨርስና ራሱን ይገድላል። መርዝ የለ፣ ሞተር የለ! እኛም በአገራችን ገበያ የምናየው ከረጢት ነው። ነገር ግን ፕላስቲኩ ከተበሳ ዋጋ የለውም፤ እህሉ ሳይደርቅ ከታሰረም ይሻግታል። ዕቃው ያለ ትምህርት አይሠራም።

ትራክተርስ?

«ይህ ሁሉ በሬና ከረጢት ነው፤ ትራክተሩ የት ሄደ?» ትሉ ይሆናል። መጣን። ትራክተር ትልቅ ኃይል ነው፤ ግን «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንዲሉ ነው። እስቲ አሁንም ሒሳቡን እንየው። አንድ ትራክተር በአንድ ጊዜ 1.2 ሜትር ስፋት ያርሳል፣ በሰዓትም 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። አንድ ሄክታር ለማረስ 8.3 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይበቃዋል። የበሬው 40 ኪሎ ሜትር ነበር። እንዴት ያለ ልዩነት ነው!

ግን መሬቱ 100 በ100 የሆነ አንድ ወጥ ማሳ ሲሆን ነው። በዚህ ማሳ ላይ ትራክተሩ የሚዞረው 83 ጊዜ ያህል ነው። ያው አንድ ሄክታር 25 በ25 ሜትር የሆኑ 16 ቁርጥራጮች ቢሆንስ? ከ330 ጊዜ በላይ መዞር አለበት። አንዱ መዞሪያ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ለመዞር ብቻ ከ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። እንግዲህ ነዳጁ ከማረስ ይልቅ በመዞር ያልቃል። ብዙው የአገራችን ገበሬ አንድ ሄክታር እንኳ የማይሞላ፣ ያውም እዚህም እዚያም የተበታተነ መሬት እንዳለው ስናስብ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ገበሬዎች ማሳቸውን አጋጥመው በኩታ ገጠም የሚያርሱትም አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ኮምባይነር በኪራይ እየዞረ የሚሠራው መሬቱ ሜዳና ተያያዥ ስለሆነ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ታሪክ አለ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በጭላሎ ትራክተር ሲስፋፋ ባለመሬቶች «አሁን ጭሰኛ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቅለዋል። የጭሰኛ ሥርዓት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቀርቷል። ትምህርቱ ግን አልቀረም። መሣሪያ ራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ ማን ይይዘዋል፣ ማንንስ ያስወጣል የሚለው ጥያቄ ከስፋቱና ከጉልበቱ ጋር አብሮ መጠየቅ አለበት።

ለትንሽ ማሳ ትንሽ መሣሪያ የሚለው አሳብም እየተሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ባለሁለት ጎማ ትራክተር ለትንንሽ ገበሬዎች ያገለግል እንደሆነ ሲጠና ቆይቷል። ይህ መሣሪያ ሰው ከኋላው እየሄደ የሚነዳው ሲሆን መዝሪያ፣ ጋሪ፣ የውሃ ፓምፕና መውቂያ ሊሠራበት ይችላል። አንድ ወጣት ገዝቶ ለመንደሩ በኪራይ ቢያሠራው ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ጥያቄው ይህ ነው። መለዋወጫው በቅርብ ካልተገኘ ግን ምንም መሣሪያ አያዋጣም። በአንድ ቀበሌ ለአንዲት ትንሽ ዕቃ ሲባል ቆሞ ዶሮ የሚያድርበት ትራክተር አይተናል። ዕቃዋ ብትገኝ ኖሮ ስንት ማሳ ይታረስበት ነበር!

እንዴት ይሠለጠናል? ሥራውስ?

በአገራችን የከፍተኛ የእርሻ ትምህርት ታሪክ ራሱ ከምህንድስና ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት በጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከዚያም በዓለማያ ኮሌጅ ተቋቋመ። የኮሌጁ ስም ሲተረጎም «የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ» ነበር። ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። አሁን በሐረማያና በሐዋሳ የእርሻ ምህንድስና፣ በአርባ ምንጭ ደግሞ የውሃና የመስኖ ምህንድስና ትምህርት ይሰጣል። ሌሎችም አሉ። ወደዚህ የሚገባ ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስ መስመር የተከተለ፣ በሒሳብና በፊዚክስ የጠነከረ መሆን አለበት። ዲግሪ ብቸኛው በር አይደለም፤ በእርሻ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መካኒክና ኦፕሬተር ሆኖ መሠልጠንም ይቻላል።

ተመራቂው የሚሠራው የት ነው? በምርምር ማዕከላት፣ ለምሳሌ የእርሻ መሣሪያ ጥናት በሚካሄድበት በመልካሳ፤ በገጠር ቴክኖሎጂ ማዕከላት፤ በመስኖ ጥናትና ዲዛይን ድርጅቶች፤ በስኳርና በአበባ እርሻዎች፤ በመሣሪያ አስመጪዎችና ጋራዦች፤ እንዲሁም በማስተማር።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን መንገዱ አበባ የተነጠፈበት አይደለም። ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ አሉ። ከተማ ቢሮ ተቀምጠው ማሳ ሳይረግጡ የሚኖሩም አሉ። በጥናት ማዕከል ጥሩ መሣሪያ ተሠርቶ፣ ተሞክሮ፣ ከዚያ የሚያባዛው ወርክሾፕ ጠፍቶ መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ለተማሪ «ይህን ተማር፣ ሥራ ይጠብቅሃል» ብሎ መማል አይገባም።

ታዲያ ወደፊት ምን ተስፋ አለው?

ተስፋው ከፍላጎቱ ይመነጫል። አራት ምክንያት እንጥቀስ።

አንደኛ፣ የእርሻ መሬት በየቤተሰቡ እየጠበበ፣ የግጦሽ መሬትም እያነሰ ሄዷል። ጥንድ በሬ ለጥቂት ወር ሥራ ዓመቱን ሙሉ መቀለብ አለበት። አንድ በሬ ብቻ ያለው በመቀናጆ ያርሳል፤ የሌለው ተራ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ዝናቡ ያልፍበታል። ሌላ የእርሻ ኃይል የግድ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ መስኖ እየሰፋ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የበጋ ስንዴ በመስኖ ማልማት በሰፊው ተይዟል። የአሚባራ ጨው በሌላ ቦታ እንዳይደገም ከወዲሁ ማጠንፈፊያ የሚያሰላ ሰው ይፈለጋል።

ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ተፈቅዷል። መሣሪያ ሲበዛ መራጭ፣ አስተካካይ፣ ጠጋኝና አሠልጣኝ አብሮ ካልበዛ ሁሉም የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

አራተኛውና ዋነኛው፣ የእኛን ሰብል መሣሪያ ሌላ ሰው አይሠራልንም። የስንዴ ኮምባይነር ውጭ አገር ተሠርቶ ይመጣል። ጤፍስ? 1,000 ፍሬ ጤፍ ቢመዘን ከግራም ሲሶ ያህል ነው፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ 3 ሚሊዮን ገደማ ፍሬ አለ ማለት ነው። ይህን ደቃቅ ዘር በልኩ የሚዘራ፣ የተጋሸበውን የሚያጭድ፣ ሳይበትን የሚወቃ መሣሪያ ማን ያስብበት? እንሰትስ? ደቡብ አገር እናቶች እግራቸውን አንሥተው በቀርከሃ የሚፍቁትን እንሰት የሚያቀልላቸው ማነው? ጤፍና እንሰት ዋና ምግቡ የሆነው የዚህ አገር ሕዝብ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱም ከዚሁ መገኘት አለበት።

የእኛ ድርሻ

እኛ መሐንዲስ አይደለንም፤ ለመሆንም አልመጣንም። የነገው መሐንዲስ ግን ዛሬ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ተቀምጦ እኛን ይጠብቃል። ሒሳብን በብርቱካንና በከረሜላ ብቻ ማስተማር የለብንም። አንድ ማረሻ ወደ ግቢ አስመጥተን ሞፈሩን በሜትር እናስለካቸው። በአንድ ትልም ስንት እርምጃ እንዳለ ቆጥረው አባታቸው በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ያስሉ። ከጎተራ 100 ፍሬ በቆሎ አምጥተው ስንቱ በነቀዝ እንደተበላ ይቁጠሩ፤ ከመቶ ስንት ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል። ለሴቶች ልጆች ደግሞ በተለይ እንንገራቸው፦ እንሰቱን የሚፍቁት፣ እህሉን የሚያበጥሩት፣ ውሃውን የሚቀዱት እናቶቻቸው ናቸው። መሣሪያው የጎደለው በእነሱ ሥራ ላይ ስለሆነ የት እንደሚያም ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

«ተማርና ከሞፈር ውጣ» የሚለውን ምክር አንቃወምም። ከወጣን በኋላ ግን ያ 160 ኪሎ ሜትር እዚያው ይጠብቃል፤ የሚሄድበትም አባት ወይም ታናሽ ወንድም ነው። ከምናስተምራቸው መካከል አንድ እንኳ ተመልሶ ያን መንገድ የሚያሳጥር ቢወጣ ድካማችን ከንቱ አልሆነም እንላለን።

በዚህ ጽሑፍ ላይ ጥያቄ ወይም ተቃውሞ ያለው ከጋዜጣው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ይክተትልን። ሒሳባችንንም እየደገማችሁ መርምሩት።